ለአሮጌዋ ብስክሌት ጉልበት ከመግዛትህ በፊት

ልጄ፣ የኤሌክትሪክ ብስክሌትህ እንደ ድሮው አልሄድ ስላለችህ ከ36 ቮልት ወደ 48 ልታሳድጋት እንዳሰብህ እናትህ ነግራኛለች። ገንዘቡ በላብህ ያገኘኸው ነው፤ ብስክሌቷም በባሕር ዳር መንገድ ዕቃ እያደረስህ የምትበላባት እንጀራህ ናት። አንድ ዐይን ያለው በአፈር አይጫወትም ይላሉ አባቶቻችን። ስለዚህ ሱቅ ከመግባትህ በፊት ዕድሜውን ከሽቦና ከብሎን ጋር የጨረሰ አጎትህ የሚልህን ስማ። ያረጀች ብስክሌት አዲስ ጉልበት ሳይገዛላት በፊት በየቦታው የባከነባት ጉልበት አለ። እሱን ፈልገህ መልስላት። ከዚያ በኋላ 48 ቮልቱን ራስህ የምትተወው ይመስለኛል።

ነገርን ከሥሩ፣ ውኃን ከጥሩ። ብስክሌት ደከመች ሲባል ሁሉም ጣቱን ወደ ባትሪው ይቀስራል። ባትሪው ጥፋተኛ ሊሆን ይችላል፤ አንተ ግን መጀመሪያ ያለ ገንዘብ የሚታየውን እይ። ብስክሌቷን ገልብጠህ የፊተኛውን ጎማ በእጅህ አሽከርክረው። ጥቂት ዞሮ ቀጥ ካለ ፍሬኑ እየተፋጨ ነው፣ አለዚያም ኩሽኔታው ደርቋል። ያንን ሰበቃ ቀኑን ሙሉ የሚታገለው ባትሪህ ነው። የጎማው ጎን ላይ አየሩ ከስንት እስከ ስንት መሆን እንዳለበት ተጽፏል፤ አንብበውና መለኪያ ባለው ፓምፕ ሙላው። በአውራ ጣት ጫን አድርጎ «ይበቃዋል» ማለት ለተራ ብስክሌት ያስኬድ ይሆናል። ያንተዋ ግን ሞተርና ባትሪ ተሸክማ 25 ኪሎ ገደማ ትመዝናለች፤ አንተና ዕቃህ ስትጨመሩ ከመቶ ኪሎ ታልፋለች። ጎማው ሲላላ ባትሪ ይበላል፣ ኮብልስቶን ላይ ከመነዳሪው በቸርኬው ተቆንጥጦ ይበሳል፣ ጎማውም ከጎኑ ይሰነጠቃል። በሳምንት አንድ ቀን አየሩን መለካት ልማድ ይሁንህ።

ሰንሰለቱንም በዐይንህ አትመነው፤ ማስመሪያ ያዝ። ከአንዱ ፒን መሐል ተነሥተህ 24 ፒን ስትቆጥር አዲስ ሰንሰለት 304.8 ሚሊ ሜትር ይሰጥሃል። 307 ከደረሰ ተስቧልና ቀይረው። የተሳበ ሰንሰለት የፊትና የኋላ ጥርሶቹን ይበላቸዋል፤ ያኔ በአንዱ ዋጋ ፈንታ የሦስቱን ትከፍላለህ። ሰንሰለቱን በላምባ አጥበህ፣ በደንብ አድርቀህ፣ ዘይቱን በየፒኑ ላይ ጠብ አድርግ፤ ከዚያ ላዩን በጨርቅ ጥረገው። ላይ ላዩን የቀረ ዘይት አቧራ ከመሰብሰብ በቀር ሥራ የለውም። ዘይት ስትቀባ የፍሬኑን ዲስክ በካርቶን ጋርድ፤ ዘይት የነካው ዲስክና ሸራ አያቆምህም።

ይህ ሲያልቅ ወደ ኤሌክትሪኩ ና። ከባትሪው እስከ ኮንትሮለሩ፣ ከኮንትሮለሩ እስከ ሞተሩ ያሉት መጋጠሚያዎች ሲያረጁ ይላላሉ፣ ይዝጋሉ። አንድ አቀበት ወጥተህ እንደቆምህ መጋጠሚያዎቹን በእጅህ ጀርባ ጠጋ እያልህ ፈትሻቸው፤ አንዱ ከሌሎቹ ተለይቶ የሚሞቅ ከሆነ ጉልበትህ የሚፈስሰው በእሱ በኩል ነው። 15 አምፔር በሚያልፍበት ቦታ የአንድ አሥረኛ ኦም እንቅፋት 22 ዋት ያህል ሙቀት ያወጣል። በአንዲት ትንሽ መጋጠሚያ ውስጥ ይህ ፕላስቲክ የሚያቀልጥ ሙቀት ነው። መጋጠሚያውን ለመጠገን ከመፍታትህ በፊት ባትሪውን ንቀል፤ ኮንትሮለሩ ውስጥ የቀረው ኤሌክትሪክ እንዲያልቅም ማብሪያውን ለጥቂት ሰከንድ ተጭነህ ያዝ። ስትገጥም ደግሞ ሽቦ ጠምዝዘህ ናስትሮ ጠቅልለህ አትለፈው። ወይ በትክክል ሶልደር ይደረግ፣ ወይ ለአምፔሩ የሚመጥን አዲስ መጋጠሚያ ይግባለት። አለባብሰው ቢያርሱ ባረም ይመለሱ።

አሁን ባትሪው። ባለ 36 ቮልት ባትሪ ማለት 10 ረድፍ የሊቲየም ሴሎች ተቀጣጥለው የተቀመጡበት ሣጥን ነው። እያንዳንዱ ረድፍ ሲሞላ 4.2 ቮልት ስለሚሆን ጠቅላላው 42 ይደርሳል። የ48ቱ 13 ረድፍ ነው፤ ሲሞላ 54.6 ይሆናል። ድር ቢያብር አንበሳ ያስር የተባለው እዚህም ይሠራል፤ ግን አሥሩ ረድፎች ተቀጣጥለው የቆሙ ናቸውና የአንዱ ድካም የሁሉም ነው። ዘጠኙ ጤነኛ ሆነው አሥረኛው ከደከመ፣ ቢኤምኤስ የሚባለው የባትሪው ተቆጣጣሪ ሰሌዳ በደካማው ልክ ይዘጋዋል። ግማሽ እያሳየች በአቀበት መሐል ድንገት ጸጥ የምትልብህ ለዚህ ሊሆን ይችላል።

እንግዲህ ቴስተር ግዛ፤ ውድ ዕቃ አይደለም፣ ከግምትም ያድንሃል። ባትሪውን ሞልተህ፣ አንድ ሁለት ሰዓት አሳርፈህ ለካው። ወደ 42 መጠጋት ሲገባው 40 ላይ ከቆመ ወይ ቻርጀሩ ነው፣ ወይ አንዱ ረድፍ ነው። ከዚያ እየሄድህ የቮልቱን ሜትር ተመልከት። ሜዳ ላይ 39 የነበረው የበዛዊትን አቀበት ስትወጣ ወደ 37 ቢወርድ ጤና ነው። ወደ 32 ዘቅጦ፣ ልክ ስታቆም ተመልሶ ወደ 39 ከወጣ ግን ባትሪው ከውስጥ አርጅቷል። ኤሌክትሪኩ አለው፣ የመስጠት አቅሙ ግን የለውም። እንዲህ ያለውን ባትሪ ቻርጀር በመቀየር አታድነውም። አንዱን ረድፍ በአዲስ ሴል እንተካልህ የሚሉህንም አትስማቸው፤ አዲስና አሮጌ ሴል አንድ ላይ እኩል አይሞሉም፣ እኩልም አያልቁም፤ በጥቂት ወራት ውስጥ ያው እዚያው ትመለሳለህ።

ውኃ ሲወስድ እያሳሳቀ ነው። የሊቲየም ባትሪ በአንድ ቀን አይሞትም። ብዙዎቹ ከ300 እስከ 500 ጊዜ ከባዶ እስከ ሙሉ ከተሞሉ በኋላ የመያዝ አቅማቸው ወደ 80 በመቶ ይወርዳል፤ በደንብ የተሠሩና በደንብ የተያዙ ከዚያ አልፈው ይሄዳሉ። ያንተ ባትሪ 36 ቮልት በ10 አምፔር ሰዓት፣ ማለትም 360 ዋት ሰዓት ነው። እንደ ባሕር ዳር ባለ ሜዳ ከተማ በኪሎ ሜትር ከ10 እስከ 15 ዋት ሰዓት ብትቆጥርለት፣ አዲስ በነበረ ጊዜ ከ24 እስከ 36 ኪሎ ሜትር ያስኬድ ነበር። ዛሬ ከዚህ በግማሽ ከወረደ፣ ጎማውና ሰንሰለቱም ደኅና ከሆኑ፣ ሽማግሌ ሆኗልና በሽማግሌ ደንብ ያዘው። ከቆመበት ስትነሣ ሞተሩን ብቻውን አታስጨንቀው፤ መጀመሪያ ፔዳሉን ምታ። ጎማው ገና ሳይዞር ሞተሩ የሚስበው ኤሌክትሪክ ሥራ ሳይሆን ሙቀት ነው የሚሆነው። አቀበትም ላይ እንዲሁ። መቶ ኪሎ ክብደትን መቶ ሜትር ሽቅብ ለማውጣት በትንሹ 27 ዋት ሰዓት ይጠይቃል፤ በሞተሩ ውስጥ የሚባክነው ሲጨመር ከ35 ይበልጣል። ከዚህ ላይ እግርህ የሚችለውን ያህል ቢያነሣለት ባትሪህ ያመሰግንሃል።

የባትሪ ትልቁ ጠላት ሙቀት ነው። በሚያዝያና በግንቦት ፀሐይ ብስክሌቷን ከጥላ ውጭ አታቁማት፤ ባትሪውን በቆርቆሮ ጣሪያ ሥር ባለ የታፈነ ክፍል አታሳድረው። ከጉዞ እንደገባህ ትኩሱን ባትሪ ቻርጀር ላይ አትሰካ፤ ግማሽ ሰዓት ይቀዝቅዝ። ለዕለት ሥራህ እስከ 42 ድረስ መሙላት የግድ አይደለም። ቻርጀርህ ማስተካከያ ካለው 41 ላይ አቁመው፤ ዕድሜው በግልጽ ይጨምራል። ሆኖም ሰሌዳው ረድፎቹን እኩል የሚያደርጋቸው ጫፉ ላይ ሲደርሱ ነውና በየሁለት በየሦስት ሳምንቱ አንድ ጊዜ ሙሉ ለሙሉ ሙላው፣ ሰዓት ስጠው። ለብዙ ጊዜ ወደ ገጠር የምትሄድ ከሆነ ባዶውንም ሙሉውንም አታስቀምጥ፤ ግማሽ ላይ ተወው። መብራት ሲጠፋ ቻርጀሩን ንቀል፤ ሲመጣም በዚያው ቅጽበት አትሰካ፤ መብራቱ እስኪረጋ አምስት አሥር ደቂቃ ታገሥ። ቻርጀር የሚያቃጥለው አብዛኛውን ጊዜ ያ የመጀመሪያው ግፊት ነው።

አንድ ነገር ደግሜ ልንገርህ፤ በዚህ ላይ ይሉኝታ የለኝም። ረዥም ጊዜ ተኝቶ የወረደን ባትሪ «እንቀስቅሰው» ብለው በቀጥታ ኤሌክትሪክ የሚሰጡ አሉ። ሴሉ ከ2.5 ቮልት በታች ወርዶ ከቆየ በውስጡ ያለው መዳብ መሟሟት ሊጀምር ይችላል፤ እንደገና ሲሞላ ከውስጥ ሾርት ሊያደርግ ይችላል። ያን ባትሪ ቤትህ አታስገባው።

ሳይቃጠል በቅጠል። ኒው ዮርክ ከተማ ውስጥ እንዳንተው ምግብና ዕቃ በኤሌክትሪክ ብስክሌት የሚያደርሱ እጅግ ብዙ ሰዎች አሉ። እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር በ2023 በዚያች ከተማ ከሊቲየም ባትሪ በተነሣ እሳት 18 ሰዎች ሞቱ። ከተማዋም በዚያው ዓመት ደኅንነቱ ያልተመሰከረለት ብስክሌትና ባትሪ እንዳይሸጥ በሕግ ከለከለች። እሳቱ የሚከፋው ባትሪው መውጫ በር ላይ ቆሞ፣ ሰው ተኝቶ ሲሞላ ነው። ስለዚህ ባትሪ አልጋ ሥር አይሞላም፤ በር አጠገብ አይሞላም፤ ሌሊት ብቻውን አይተውም። ሲሚንቶ ወለል ላይ፣ ከመጋረጃና ከፍራሽ ርቆ፣ አንተ ነቅተህ ሳለ ይሞላ። የባትሪው ሣጥን ካበጠ፣ ሳይሠራ ከሞቀ፣ እንደ ቀለም ማቅጠኛ ያለ ሽታ ካመጣ፣ ሲያፏጭ ከሰማህ፣ ጊዜ የለህም። ሰው አስወጣ፣ በሩን ዝጋ፣ ጎረቤትና እሳት አደጋ ጥራ። ጭሱ መርዝ ነውና ለዕቃ ብለህ አትመለስ። እናትህ እዚያው ቤት እንደምትተኛ አስብ።

ወደ 48 ቮልቱ እንምጣ። በሬ ሆይ፣ ሳሩን አየህና ገደሉን ሳታይ። ሳሩ ፍጥነቱ ነው፤ ያው ሞተር በ48 ቮልት በሲሶ ያህል ፈጥኖ ይዞራል፤ በሰዓት 25 ኪሎ ሜትር ትሄድ የነበረችው 33 ትሄዳለች። ገደሉን ደግሞ እኔ ላሳይህ። ለ36 ከተሠሩት ኮንትሮለሮች መካከል 50 ቮልት የተጻፈበት ካፓሲተር ያላቸው አሉ፤ ሙሉ 54.6 ቮልት ስትሰጣቸው ዛሬ ባይፈነዱ ነገ ይፈነዳሉ። ያረጀው ኮንትሮለር ባትሪው 31 ቮልት ገደማ ሲደርስ እንዲያቆም የተሠራ ስለሆነ የ48ቱን ባትሪ ከመሟጠጥ አይጠብቀውም፤ ሰሌዳው ብቻውን ይቀራል። ይህን ሁሉ አልፈህ አዲስ ኮንትሮለርም ብትገዛ ፍሬንህ ያው ነው። የሚሄድ ነገር ጉልበቱ የሚያድገው በፍጥነቱ ካሬ ነው፤ 33 ላይ ፍሬንህ ማቆም ያለበት ጉልበት የ25ቱን አንድ እጥፍ ከሦስት አራተኛ ያህላል። አውሮፓውያን ለኤሌክትሪክ ብስክሌት 250 ዋትና በሰዓት 25 ኪሎ ሜትር ወሰን ያበጁት ሞተር መሥራት አቅቷቸው አይደለም። በባጃጅ፣ በእግረኛና በከብት መካከል ለምትሄድ ብስክሌት ሹካው፣ ፍሬሙና ፍሬኑ የሚችሉት ይህን ያህል ነው።

ምን እንደምታተርፍም ቁጠር። 6 ኪሎ ሜትር መንገድ በ25 ፍጥነት 14 ደቂቃ ከግማሽ ገደማ ይፈጃል፤ በ33 ደግሞ 11 ደቂቃ ገደማ። አራት ደቂቃ የማይሞላ ነገር ነው የምትገዛው፤ እሱም መንገዱ ክፍት ከሆነ። በቅሎ ገመዷን በጠሰች ቢሉት ለራሷ አሳጠረች አለ። ወጣት ነህና ፍጥነት እንደሚያስደስትህ አውቃለሁ፤ ነገር ግን የዚህችን ብስክሌት ፍሬም የሠራው ሰው 33ን አላሰበም።

እኔ ብሆን ገንዘቤን የማወጣው በዚያው 36 ቮልት ላይ አምፔር ሰዓቱ ከፍ ባለ ባትሪ ላይ ነው። 10 የነበረውን 15 ብታደርገው ርቀትህ ይጨምራል፤ እያንዳንዱ ሴል የሚሸከመው ጭነትም ስለሚቀንስ አቀበት ላይ ቮልቱ አይዘቅጥም፣ ዕድሜውም ይረዝማል። ብዙ ጊዜ «ፈጣን ሆነች» የሚያሰኘው ራሱ ይህ ነው። ግን ስትገዛ ተጠንቀቅ፤ በገበያው ውስጥ ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ የሚያሰኝ ባትሪ ሞልቷል። ሚዛን ይዘህ ሂድ። 18650 የሚሉት ሴል ወርዱ 18፣ ቁመቱ 65 ሚሊ ሜትር ነው፤ ክብደቱ 45 እስከ 50 ግራም፣ ከምርጦቹም ምርጡ 3.5 አምፔር ሰዓት ገደማ ይይዛል። ስለዚህ 36 ቮልት 20 አምፔር ሰዓት የተጻፈበት ባትሪ በትንሹ 60 ሴል ይፈልጋል፤ የሴሎቹ ክብደት ብቻ ወደ 3 ኪሎ ይጠጋል። ሣጥኑና ሽቦው ተጨምሮ 2 ኪሎ የሚመዝን ከሆነ ጽሑፉ ውሸት ነው። በአንዱ ሴል ላይ 9,900 ሚሊ አምፔር ሰዓት ተጽፎ ብታይ ሻጩን አመስግነህ ውጣ።

ቢኤምኤስ የሌለውን ባትሪ፣ «ቻርጀሩ ራሱ ያቆማል» እያሉ በርካሽ የሚሰጡህን፣ አትንካው። የአህያ ባል ከጅብ አያስጥልም፤ ቻርጀር የእያንዳንዱን ረድፍ ሁኔታ አያይም። ከዚያም ጠይቅ፤ ካለመናገር ደጃዝማችነት ይቀራል። ሴሉ አዲስ ነው ወይስ ከአሮጌ ላፕቶፕ የወጣ? ሰሌዳው ስንት አምፔር ይችላል? ዋስትናውስ በጽሑፍ ነው? አዲስ አበባ ምናለሽ ተራ ሄደህ በግማሽ ዋጋ ከምታመጣው፣ ነገ ቢበላሽ በሩን የምታንኳኳለት የሰፈርህ ባለሙያ የሠራው ይሻልሃል። በባትሪውና በኮንትሮለሩ መካከልም፣ ለባትሪው ቀረብ ብሎ፣ ፊውዝ ይግባ፤ ለ15 አምፔር ኮንትሮለር 20 ወይም 25 በቂ ነው።

ጓደኛህ ያ ሦስት ባለ 12 ቮልት የእርሳስ ባትሪ ያላት ብስክሌት ያለው ልጅ ደግሞ ሌላ ጉዳይ ነው። ለእሱ ወደ ሊቲየም መቀየር እውነተኛ ዕድገት ነው፤ 12 ኪሎ የሚሆን ሸክም በ3 ኪሎ ይተካለታል። ነገር ግን አጥብቀህ ንገረው፦ የድሮውን ቻርጀር እንዳይጠቀም። የ36 ቮልት የእርሳስ ባትሪ ቻርጀር እስከ 43 እና 44 ቮልት ይሰጣል፤ የሊቲየሙ ጣሪያ 42 ነው። ሶኬቱ ስለገጠመ ብቻ የገጠመ እንዳይመስለው።

ሞተሩን አትፍራው። ጎማ መሐል ሞተር የማስገባቱ ሐሳብ የአሁን ዘመን ፈጠራ አይደለም፤ ኦግደን ቦልተን የተባለ አሜሪካዊ በ1895 እ.ኤ.አ. የባለቤትነት መብት አውጥቶበታል። ያንተው ሞተር በሦስት ወፍራምና በአምስት ቀጫጭን ሽቦዎች ነው የሚነጋገረው። ባትሪውን ንቀልና ጎማውን ወደ ኋላ አሽከርክረው። እየተንገጫገጨና እየያዘ የሚዞር ከሆነ ሦስቱን ወፍራም ሽቦዎች ከኮንትሮለሩ ለያይተህ እንደገና ሞክር፤ ከለቀቀ የተቃጠለው ኮንትሮለሩ ነው፣ ካልለቀቀ ችግሩ ከሞተሩ ወይም ከሽቦው ነው። ጎማው በቀላሉ እየዞረ ስታስነሣው ብቻ የሚንቀጠቀጥ ከሆነ አምስቱን ቀጫጭን ሽቦዎች ተጠራጠር። ባትሪውን መልሰህ ስትሰካና ስታበራው በቀዩና በጥቁሩ መካከል 5 ቮልት ገደማ መኖር አለበት፤ ጎማውን ቀስ አድርገህ ወደ ኋላ ስታዞር ደግሞ ቢጫው፣ አረንጓዴውና ሰማያዊው እየተፈራረቁ ከዜሮ ወደ 5 መውጣት መውረድ አለባቸው። አንዱ ዝም ካለ፣ ሴንሰሩ ወይም ሽቦው ነው፤ ሞተር ሙሉ አትግዛ። ሞተሩ የሚያንቃጭል ድምፅ ካመጣ ውስጡ ያሉት የናይለን ጥርሶች ተበልተው ይሆናል፤ እነሱ ለብቻቸው ይቀየራሉ፣ አዲስ ግራሶም ይቀባሉ።

የኋላውን ቸርኬ ሽቦዎች በወር አንድ ጊዜ በጣትህ ንካቸው። እንደ ክራር አውታር ናቸው፤ በአንድ ወገን ያሉት ተቀራራቢ ድምፅ ከሰጡ ደኅና ነው፣ ደንቆሮ ድምፅ የሰጠው ላልቷል። ሞተር የተሸከመ ቸርኬ አንድ ሽቦ ሲበጠስበት ጭነቱ በጎረቤቶቹ ላይ ስለሚያርፍ በሳምንቱ ሁለተኛው ይከተላል፤ እንደ ተበጠሰ ቀይረው። የሞተሩን ዘንግ የያዙት ዳዶዎችም ይጠበቁ። ሞተሩ ጎማውን ወደ ፊት ሲገፋ ዘንጉ ራሱ ወደ ኋላ መዞር ይፈልጋል፤ ዳዶው ከላላ የፍሬሙን ጉሮሮ አስፍቶ፣ ሽቦውንም ጠምዝዞ ቆርጦ ይወጣል። ዘንጉን ከፍሬሙ ጋር አጥብቆ የሚይዝ የብረት ክንድ ለሞተር ብስክሌት ተብሎ ይሸጣል፤ ካጣህም ጥሩ ብረት ሠራተኛ ያበጅልሃል። በተለይ ሞተሩ የፊት ጎማ ላይ፣ ሹካውም አሉሚኒየም ከሆነ ያለዚህ ክንድ አትንዳ። አሉሚኒየም ሲሰነጠቅ አያስጠነቅቅም፤ የፊት ጎማ ከወጣ ደግሞ ፊትህ ነው መሬት ላይ የሚያርፈው።

ፍሬኑን በተመለከተ ብዙ አላወራም፤ ሸራው ከአንድ ሚሊ ሜትር ከቀጠነ ቀይር፣ የተፈታተለ ገመድ ቀይር። የኋላውን ጎማ አንሥተህ ጋዙን ስጥና ፍሬኑን ጨብጥ፤ ሞተሩ በዚያው ቅጽበት መጥፋት አለበት። ካልጠፋ የፍሬኑ እጀታ ላይ ያለው መቁረጫ ተበላሽቷል። ይህን ሳታሠራ ሥራ አትውጣ።

ክረምቱም እየመጣ ነው። የሞተሩ ሽቦ ወደ ዘንጉ ከመግባቱ በፊት ወደ ታች ጎንበስ ብሎ እንደገና ሽቅብ ይታጠፍ፤ ያኔ ዝናቡ ሽቦውን ተከትሎ ሞተር ውስጥ አይገባም፣ ከታች ይንጠባጠባል። የኮንትሮለሩ ሣጥን ቀዳዳዎች ወደ ታች ይዙሩ። መጋጠሚያዎቹን ካጸዳህ በኋላ ከውጭ በኩል ስስ ቫዝሊን ቀባቸው። የፔዳል ብስክሌትን ጣና ዳር ወስዶ ውኃ ውስጥ አስገብቶ ማጠብ የለመድነው ነው፤ ይህችን ግን በእርጥብ ጨርቅ ነው የምትጠርጋት። ጎርፍ ሞተሩን እስከ መሐሉ ከሸፈነው መንገድ ለውጥ፤ ደንበኛህ አሥር ደቂቃ ይጠብቅህ።

እንግዲህ የያዝከውን ገንዘብ መጀመሪያ ለፍሬንና ለጎማ አውጣ። ከዚያ ለሰንሰለቱና ለመጋጠሚያዎቹ። ይህን ጨርሰህ አንድ ወር ንዳትና ባትሪውን እንደነገርኩህ ለካው። አሁንም አቀበት ላይ የሚዘቅጥ ከሆነ ያኔ ባለ 36 ቮልቱን አዲስ ባትሪ ግዛ። ለሌሊት ሥራህ ጥሩ የፊትና የኋላ መብራት ከ48 ቮልት በፊት ይመጣል፤ ባጃጁ አንተን ማየት አለበት። ገንዘቡ ካጠረህ ንገረኝ፣ ለእናትህ አትንገራት።

አሮጌውን ባትሪ ስታወጣ ለቆራሌው ወይም በልዋጭ እንዳትሰጠው። ቀጥቅጦ መዳቡን ሊያወጣ የሚሞክር ልጅ እጁን ያጣል። ሁለቱን ጫፎቹን ለየብቻቸው በናስትሮ ሸፍን፤ አሸዋ ባለበት የብረት ሣጥን ውስጥ፣ ከቤት ውጭ፣ ዝናብ በማይነካው ቦታ አስቀምጠው። አዲሱን የሚሸጥልህን ባለሙያ ከመክፈልህ በፊት አሮጌውን እንዲረከብህ ጠይቀው። ከሴሎቹ መካከል ጤነኞቹን ለይቶ ለአነስተኛ የፀሐይ መብራት የሚጠቀምባቸው ሰው ከሆነ ዋጋም ይቀንስልሃል። እንቢ ካለህ እኔ ዘንድ አምጣው፤ የምሠራበት ጓዳ ሲሚንቶ ነው፣ ሣጥኑም አለኝ። ቴስተሩን ግን አስቀድመህ ውሰድ፤ የራስህን እስክትገዛ የእኔ ይሠራልሃል።